ከካርቶኑ ተነጥሎ ስለተሸጠ የብጉር መድኃኒትና ስለ ልጄ ዓይን

ቀን፦ ጁን 9 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.

ለአውራጃው የመድኃኒት ቤቶች ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ
ከፍር ሻሂን

ጉዳዩ፦ "ካርቶንና ደረሰኝ አልቀረበም" ተብሎ የተዘጋው የልጄ መዝገብ እንደገና እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. ስሜ ኢንሻራህ አብደልመውጉድ ይባላል። ዕድሜዬ ስልሳ ሁለት ሲሆን ከገበያው ጀርባ የምኖር መበለት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከአራት ዓመት ወዲህ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ቤት ውስጥ ያስጠናችኝም ልጄ ናት። ጽሑፌ ላይ ስህተት ቢገኝ ይታለፍልኝ። ነገሩ ላይ ግን ስህተት የለም።

2. ልጄ ሪሃም ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሌላ ልጅ የለኝም። ልብስ ሰፊ ነበረች። ሠርጓ ከረመዳን በኋላ ሊሆን ቀን ተቆርጦ ነበር። ፊቷ ላይ ብጉር ነበረባት። የእጮኛዋ እናት ሰው በተሰበሰበበት "ሙሽራችን ፊቷ ላይ ምስር ዘርታለች፤ ለድግሱ ሾርባ አናጣም" አለች። ሁላችንም ሳቅን። ሪሃምም ሳቀች፤ በማግስቱ ግን መድኃኒት ቤት ሄደች።

3. መድኃኒት ቤቱ የዶክተር ዋኢል ነው። ሐኪም ያዘዘው ወረቀት አልጠየቃትም። በእኛ አገር እንደሚደረገው ከካርቶኑ ዶክሲሳይክሊን የተባለውን የብጉር መድኃኒት አንድ ስትሪፕ፣ ማለትም እንክብሎቹ የታሸጉበትን አንድ ቅጠል ብቻ አውጥቶ ሰጣት። "ቆዳ ያለሰልሳል" ብሎም የቫይታሚን ኤ እንክብል ጨመረላት። "አንዱን ማታ በኢፍጣር፣ አንዱን ሳይነጋ በሱሁር ዋጪ፤ ለሠርግሽ ፊትሽ መስታወት ይሆናል" ነው ያላት። ባለቀ ቁጥር ሌላ ስትሪፕ ትገዛ ነበር። ካርቶኑም ውስጡ ያለው የመግለጫ ወረቀትም አንድ ቀን ቤታችን አልገቡም።

4. በረመዳን ሁለተኛ ሳምንት ራሷን ያማት ጀመር። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በጾም ራሱን የማያመው ሰው የለም። እኔም "ሻይ ስላጣሽ ነው፣ ታገሺ" አልኳት። ጎረቤቱም ሁሉ ይህንኑ አለ። ከዚያ "እማ፣ ለስግደት ጎንበስ ስል ዓይኔ ይጨልምብኛል፤ ጆሮዬ ውስጥም የሚፈስ ውኃ ይሰማኛል" አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? "ሱሁር በደንብ ብዪ" አልኩ። መድኃኒቱን እንዳትረሳ ከእንቅልፏ የምቀሰቅሳትም እኔ ነበርኩ። ይህንን የሚጠይቀኝ ሰው ሳይኖር እጽፋለሁ።

5. በዒድ ዋዜማ መርፌዋ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። ትልቁ ሆስፒታል ስንደርስ የዓይን ሐኪሟ፣ መድኃኒቱ በአንጎሏ ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ ግፊት እንደጨመረው፣ ሁለቱ አብረው መዋጣቸው እንዳባባሰው፣ የዓይኗም ነርቭ እንደተጎዳ ነገሩን። "ራስ ምታቱ እንደጀመረ ብታቆመው ኖሮ" ብለው ማስረጃውን መጻፍ ጀመሩ። ቀኝ ዓይኗ ጠፍቷል። በግራው ብርሃንና ጥላ ትለያለች። ፊቷ ጠርቷል። እጮኛዋ ዓርብ ዓርብ ይመጣ ነበር፤ አሁን እናቱ ብቻ ትደውላለች።

6. እኔ ዶክተር ዋኢል ዘንድ ሄጄ ወረቀቱን ጠየቅሁት። መሳቢያ ሲከፍት እስከ አፉ በመግለጫ ወረቀት ተሞልቷል። "ሐጃ፣ ማን ያነበዋል ብዬ ላሸክም?" አለኝ። አንዱን ወስጄ ደቃቁን ፊደል በሁለት ቀን ጨረስኩት። "ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከተሰማዎ መድኃኒቱን አቁመው ወዲያውኑ ሐኪም ያማክሩ" ይላል። ጮክ ብዬ ነበር የማነበው። ሪሃም ከአልጋዋ ሆና "እማ፣ እስቲ ያችን ድገሚያት" አለችኝ። ደገምኩላት።

7. መሥሪያ ቤትዎ በሜይ ወር በጻፈልኝ ደብዳቤ ካርቶንና ደረሰኝ ባለማቅረቤ መዝገቡን መዝጋቱን ገልጾልኛል። ክቡር ኃላፊ፣ ዶክተር ዋኢልን የከሰስኩት እኮ ካርቶኑን ስላልሰጠን ነው። ያልተሰጠኝን ከየት ላምጣ? ባዶዎቹ ስትሪፖችና የሆስፒታሉ ማስረጃ ከዚህ ጋር ተያይዘዋል።

8. ካሳ አልጠየቅሁም። ሱቁ ይዘጋ አላልኩም። መድኃኒቱም ስንቱን ሰው እንዳዳነ አውቃለሁ። የምለምነው መዝገቡ እንዲከፈትና፣ በአውራጃው ያለ መድኃኒት ቤት ሁሉ አንድ ስትሪፕ እንኳ ሲሸጥ ወረቀቱን አብሮ እንዲሰጥ፣ ማንበብ ለማይችልም አደጋውን በአፉ እንዲነግር እንዲታዘዝ ነው። ባለፈው ሐሙስ የጎረቤቴ ልጅ ያንኑ መድኃኒት በእጇ ጨብጣ ከሱቁ ስትወጣ አይቻለሁ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። መንገድ ላይ አስቁሜ ስነግራት "እናቴ፣ ሐዘን ራስሽን አዙሮብሻል" ብላኝ አለፈች። የእኔን ቃል አትሰማም፤ የእርስዎን ማኅተም ግን መድኃኒት ቤቱ ይሰማል።

መልስዎ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ። ሪሃም በሩ በተንኳኳ ቁጥር "ወረቀት መጣ?" ትለኛለች፤ ምን እንደሚል የማነብላት እኔ ነኝ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ኢንሻራህ አብደልመውጉድ
(ፊርማ)