ስለ አክስቴ ቢጫ ጥፍር፣ ስለ ነጠላ ጫማዋና ንግግርዎን ስላቋረጠው ሳሏ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
ባሉበት፣ ማለትም ከማይክሮፎኑ ኋላ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ ይህ ደብዳቤ ጉሮሮዎ ሳይከረከር፣ ጫማዎ ሳይጠብዎና ትንፋሽዎ ሳያጥር እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ለእርስዎ ብቻ ብሰጥ ከመሳቢያዎ እንደማይወጣ ስለማውቅ ነው። እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ባለፈው ወር በሰኞ ጠዋት ሰልፍ፣ ተማሪው ሁሉ እየሰማ ከሥራ ያገዷት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የእህት ልጅ ነኝ። ያሳደገችኝም እሷው ናት። ስለ ሦስቱ ክሶችዎ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ስለ ጥፍሯ። «ይኼ የሲጋራ ጥፍር ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱም ሲጋራ ሲጋራ ይላል» ብለው ስላወጁልን እናመሰግናለን። አክስቴ የክብሪት ጭስ እንኳ የሚያስላት ሴት ናት። ጥፍሯ ወፍሮ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ማደጉን ትቶ ከመቁረጫ ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ከዚያች ሰኞ ወዲህ ግን በጠራራ ፀሐይም ጓንት ሳታጠልቅ ከቤት አትወጣም፤ የሰፈር ሕፃናት «ቦክሰኛዋ» ይሏታል።

፪. ስለ ነጠላ ጫማዋ። «ትምህርት ቤት መታጠቢያ ቤት አይደለም» ብለው የቀለዱት ቀልድ፣ ሌላ ሰው ቢነግረው ኖሮ ያስቅ ነበር። የአክስቴ እግር እንደ ቦካ ሊጥ እያበጠ ነበር። ጠዋት ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እኔ ጫማዋን ስገፋ እሷ ትስቃለች፤ አንድ ቀን ስገፋ ስገፋ ቀና ብዬ ባያት እያለቀሰች ነው። በማግስቱ ነጠላ ጫማ ገዛን።

፫. ስለ ሳሏ። ስለ ጊዜ አጠቃቀም የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ሙሉ የፈጀ ንግግር እያደረጉ ሳለ ስላሳለች «ሆን ብላ ልታዋርደኝ ነው» አሉ። ክቡርነትዎ፣ ሳል ትችት ቢሆን ኖሮ እኛ ተማሪዎች ይኼኔ ሳንባችንን ተፍተን ጨርሰናል።

እርስዎ ከማገድዎ በፊት አክስቴ ሐኪም ቤት ሳትሄድ ቀርታ አይደለም። ለጥፍሯ ቅባት፣ ለእግሯ «ከፍ አድርገሽ ተኚ»፣ ለሳሏ ሽሮፕ ተሰጥቷታል፤ ሦስት ሐኪም ቤት ሄዳ ሦስት ቁራጭ ሆና ተመለሰች። ካገዷት በኋላ ትንፋሿ ሲብስባት አንዲት ወጣት ዶክተር ዘንድ ወሰድኳት። ዶክተሯ ደረቷን እያዳመጠች «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብትላት አክስቴ አቀረቀረች። ስለዚህ ከሥራ ለምን እንደታገደች እኔ መለስኩ፤ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ በእርስዎ ድምፅ። ድምፅዎን አሳምሬ እንደማወጣ ሳይሰሙ አይቀሩም። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ሆዴን አስቀድሜ፣ «አንደኛ፣ ቢጫ ጥፍር! ሁለተኛ፣ ነጠላ ጫማ! ሦስተኛ፣ ሳል!» አልኩ። አክስቴ «አንቺ ልጅ! ትልቅ ሰው እኮ ነው፣ ነውር አይደለም?» ብላ ቆነጠጠችኝ። ዶክተሯ ግን ሳቋን ጀምራ መሃል ላይ ተወችው። «እስቲ ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩላት። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞራ በቀስታ፣ «ጓንቱን ያውልቁት፣ እናቴ» አለቻት።

ሕመሙ ብዙ ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ የማያየው ብርቅ ሕመም ነው አለችን። በሰውነት ውስጥ መዘዋወር የነበረበት ፈሳሽ መውጫ አጥቶ እግር ላይና ሳንባ ዙሪያ ይጠራቀማል፤ ጥፍርም ይወፍራል፣ ቢጫ ይሆናል። መነሻው በቅጡ ባይታወቅም ሲጋራ አይደለም፤ ሰው ላይም አይጋባም። ሳንባዋን ሲያፍን የከረመው ውሃ ከተቀዳላት ወዲህ አክስቴ ተጋድማ መተኛት ችላለች፤ እኔም ሌሊት ትንፋሿን መቁጠር ትቻለሁ።

እንግዲህ ሦስት ሐኪም ቤት ለየብቻ ያየውን አንድ ላይ የደረደሩት እርስዎ ነዎት። ጉድጓድ ሊቆፍሩላት ተነስተው ውሃ አወጡላት። ውለታዎን በምን እንመልሰው?

አክስቴ «ተይው፣ ለፈጣሪ ስጪው፤ የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ብቻ ይመልስልኝ» ትላለች። እሷ ደግ ናት፤ ደግነት ግን ከአክስት አይወረስም። ስለዚህ በመጪው ሰኞ፣ በዚያው ሰልፍ፣ በዚያው ማይክሮፎን፣ አንደኛ ሁለተኛ ሦስተኛ እያሉ ክሶቹን አንድ በአንድ እንዲያነሱላትና ቁልፏን በእጇ፣ ጓንት በሌለው እጇ፣ እንዲያስረክቧት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

እግርዎ ደህና ሆኖ ሳለ ልብዎ እንዲህ ማበጡ ዘወትር የሚያስጨንቃት፣
አክባሪዎ እንጂ ታዛዥዎ ያልሆነች፣
የቦክሰኛዋ የእህት ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቤተ መጻሕፍቱ ሲጋራ ሲጋራ ይላል ያሉት እውነት ነው። ከመዝገበ ቃላቱ መደርደሪያ ኋላ፣ መስኮቱ ሥር፣ በየእረፍቱ «ማጣቀሻ ላይ ነኝ» እያሉ የሲጋራ ቁራጭዎን የሚጥሉባት የወተት ቆርቆሮ ነበረች። አክስቴ እያሳለች ስትደፋልዎ ለማንም ትንፍሽ ሳትል ኖራለች። ቆርቆሮዋ አሁን እኔ ጋ ናት፣ ከነቁራጮቿ። ሰኞ ከማይክሮፎኑ አጠገብ ትቀመጣለች። እርስዎ ቀድመው ካልተናገሩ፣ እኔ በእርስዎ ድምፅ እናገራለሁ።