ግማሹ የጎደለ ስንኝ

አሶሳ፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምናፍቅህ ባለቤቴ ለዓብዱልላጢፍ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ኩርሙክ ላይ ወባ ተነሥቶ ጤና ጣቢያችሁን እንዳጨናነቀው ሾፌሩ ጉዲና ነግሮኛል። እኔም እማዬም ደህና ነን። በእሱ የላክኻት ግጥም ጭቃ ነገር ነክቷት ደረሰችኝ፦

ኩርሙክ ዝናብ ጥሎ፣ መንገዱ ተቆርጦ፣
ልቤ ግን አሶሳ፣ ካንቺ ደጅ ተቀምጦ፣
ኮቴሽን ይሰማል፣ ከሰው ሁሉ መርጦ።
ትመጪ ከሆነ፣ . . .

አንተ ሰውዬ! «አማርኛው ያንቺ ነው፣ እኔ ቤርታ ነኝ» እያልክ ስትሸሽ ኖረህ ይህን ከየት አመጣኸው? በጣቴ ቆጠርኩት። እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም ነው፤ አንድ አልተረፈ፣ አንድ አልጎደለ። ቤቱም ሦስቴ በ«ጦ» ይመታል፣ ያውም ሳይጎረብጥ። ከሩቁ መንገድ ተነሥተህ፣ በደጄ አድርገህ፣ ኮቴዬ ድረስ ቀረብክ። ግጥም ሳስተምር ይኸው ስንት ዓመቴ፣ እንዲህ ያለ ወጥቶኝ አያውቅም። ቀናሁብህ።

አራተኛው ስንኝ ላይ ግን የመምህርነት አመሌ ተነሣ። ሁለተኛው ሐረግ የለም! ደክሞት ትቶታል አልኩ። ስምህን ደብቄ ግጥሙን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና ተማሪዎቼን «ጉድለቱን አውጡ» አልኳቸው። ሎዛ «ገጣሚው ቤት መድፋት አቅቶታል» አለች። ልክ ነሽ ልላት ስል ያገርህ ልጅ ዐዋጢፍ ከኋላ ተነሣች።

«አልጎደለም ቲቸር። ይሄ እንደ ዙምባራ ነው። አንድ ሰው አንድ ድምፅ ይነፋል፣ ከዛ ዝም ይላል። ቀጥሎ ያለው ሰው ነው የሚነፋ። ይሄ ሰውዬ ዝም ያለው ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ። በሠርጋችን ቀን አጎቶችህ የዙምባራ መለከታቸውን እየተጠባበቁ ሲነፉ አፌን ከፍቼ አይቻቸው ነበር፤ እንዴት ረሳሁት?

እማዬ «ከወሎ በሰፈራ የመጣሁበት መንገድ አይበቃም? ደግሞ ሱዳን ድንበር ድረስ?» ትላለች። እኔም ነይ ስትለኝ ስንቴ «ቆይ» እንዳልኩህ ታውቃለህ። አንተ ግን አልተቆጣህም፣ አልለመንክም። ስድስት ቀለም የሚያህል ቦታ ለቀህልኝ ዝም አልክ። ከዚህ የበለጠ ግጥም አላውቅም።

የዝውውር ማመልከቻዬን ዛሬ ጠዋት አስገባሁ። እማዬ ሰሞኑን አኩርፋኝ ነበር፤ ስመለስ ግን ብርድ ልብሴን ስታጣጥፍ አገኘኋት። ኩርሙክ ይሞቃል ብላት አልሰማችኝም።

ፈጣሪ አንተንም በሽተኞችህንም ይጠብቅልኝ። እንግዲህ ተራው የእኔ ነው፦

ትመጪ ከሆነ፣ መጣሁ፣ ልቤ ቆርጦ።

ያንተው ብዙወርቅ