ሚስኪን ለኒካህ ያደረሰው ሚኒባስ

ይሁኔ ወንድሜ፣ እኛ ጋ ታክሲ ውስጥ የሚያጣላው መልስ ነው፤ እዚህ የመን፣ ኤደን ውስጥ ግን ታሪክ ነው። ዛሬ ክሬተር ሰፈር ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ፣ «የግብፅ ጦር ሰሜን የመን ባይገባ ኖሮ እንግሊዝ ዛሬም እዚሁ ነበር» አሉ። ጓደኛቸው፣ «ሐጂ፣ ጦር ምን ያደርጋል፣ ሙቀቱ ብቻውን ያባርረው ነበር» ሲሉ ሾፌሩ ሊፈርድ ሞተሩን አጠፋ።

ከጎኔ ሚስኪ የምትባል የወሎ ልጅ ለራሷ ኒካህ ትቸኩላለች። «አባቶቼ፣ እንግሊዝም ሄዷል፣ ግብፅም ሄዷል፤ ወላሂ ያልሄድነው እኛ ነን» አለች።

በጡሩምባና በእልልታ ሼኽ ዑስማን ሰፈር አደረስናት። ሽማግሌዎቹም ምስክር ሆኑላት፤ ቀኑን ሙሉ የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

ፖስት ካርዱ ላይ ያለው ቅባት የሠርጉ ሩዝ ነው። ቦታ ጠበበኝ፤ ጽጌሬዳን ከነልጆቿ ሳምልኝ።

ሰኒ