ለአንተ የቆየችው ቫልቭ

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፦

እንደምን ከርመሃል? ሥራህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህ አሁንም ያምሃል? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ቆመህ ጎርሰህ ትሮጣለህ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ብዕሩን ስይዘው ግን ውሸት መጻፍ እንደ ማውራት ቀላል አልሆነልኝም። እማዬ ደህና ናት። አክስታችንም ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር ደህና ናት። አባዬ ግን ደህና አይደለም።

በስልክ ያልነገርኩህ ቤታችን እንደምታውቀው ስለሆነ ነው። አንዱ ክፍል የተነፈሱት ሌላው ክፍል ይሰማል፤ ከአባዬ አካል ደግሞ ያልደከመው ጆሮው ብቻ ነው። ሐኪሙ እኔንና እማዬን ኮሪደር ላይ ጠርቶ፣ ከእንግዲህ የሚደረግለት ሕክምና ስለሌለ ቤቱ ወስደን እንድንንከባከበው ነገረን። አባዬን "እረፍት ነው የታዘዘልህ" አልነው። እሱም "እሺ" አለ። ማን ማንን እንዳታለለ እስካሁን አላውቅም።

ቤት በገባ ማግስት መኪናዋን አስነሺ አለኝ። መቼም እሜቴን አትረሳትም፤ አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ የሠራባት፣ እኛንም ያሳደገችን እሷ ናት። አሁን ጠዋት ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ላይ ትለግማለች፣ ታስላለች። አባዬም ከውስጥ ሆኖ ያስላል። እማዬ "ማን እንደሳለ መለየት አቃተኝ፣ ለሁለቱም ሽሮፕ ልግዛ" ብላ አሳቀችን። አባዬ ሳቁን ሲጨርስ፣ የአየር ማስገቢያ ቫልቮቿ ጥቀርሻ ለብሰዋል፣ እንዲህ እያሳላት ትቻት አልሄድም አለ። ወዴት እንደሚሄድ ማናችንም አልጠየቅነውም።

አልጋውን መስኮቱ ስር አስጠጋንለት፤ እሜቴንም ገፍተን አፍንጫዋን ወደ መስኮቱ አዞርናት። ኮፈኑን ከፍቼ፣ የአየር ማስገቢያውን ቧንቧ ፈትቼ ወደ ቀዳዳዎቹ ባትሪ ባበራ፣ የቫልቮቹ ጀርባ ከሰል መስሏል። ብረት መሆናቸው አያስታውቅም። በችኮላ የጥቀርሻ ማጽጃውን ፈሳሽ አንደኛው ቀዳዳ ውስጥ አፈሰስኩ። ወዲያው አባዬ ከአልጋው "ወረደ፣ ወረደ! በሩ ክፍት ነው አንቺ!" ብሎ ጮኸ። እሱ በር የሚለው ቫልቩን ነው፤ መዘጋቱን ሳላረጋግጥ አፍስሼ፣ ፈሳሹ ወደ ሲሊንደሩ ሲንቆረቆር በጆሮው ሰምቶ ነው። ለአባዬ መድኃኒት ከገዛናቸው ሲሪንጆች አንዱን አንስቼ መጥጬ አወጣሁት። "ለእኔ የታዘዘውን መርፌ እሜቴ ተወጋችው" እያለ ሲቀልድብኝ ዋለ።

ከዚያ በኋላ ሥራው በእሱ ጆሮ ሆነ። ሞተሩን በመፍቻ ቀስ አድርጌ አዞራለሁ፣ ቫልቩ ሲዘጋ ትንሽ አፈሳለሁ፣ ምንም ድምፅ ካልሰማ አንገቱን ይነቀንቅልኛል። ጥቀርሻው እስኪርስ ጠብቄ እፍቃለሁ። ብረት ይጭራታል ብሎ ስለማያስነካ፣ የምፍቀው ከመጥረጊያ እጀታ በጠረበው በዚያ በእንጨቱ መፋቂያ ነው። በልጅነትህ ባትሪ ስትይዝለት በአፍህ ይዘኸው የነከስክበት ምልክት እስካሁን አለ። አባዬ አንዳንዴ ከእጄ ይቀበለኝና ምልክቱን በጣቱ ይዳብሳል።

ሦስቱን ጨረስኩ። አራተኛዋ ላይ ስደርስ ተያት አለኝ። "ይቺን ወንድምሽ ይሠራታል። የሁለታችሁም እጅ ይንካት።" አንድ ሰዓት እንኳ የማይፈጅ ሥራ ነው ብለው አልሰማኝም። ቀዳዳዋን በንጹህ ጨርቅ ሸፈንኳት። በየጠዋቱ አቧራ እንዳልገባባት ይጠይቀኛል፤ ቀጥሎ መቼ እንደምትመጣ ይጠይቀኛል። ፈቃድ እየጠየቀ ነው እለዋለሁ። አንተም በደወልኩ ቁጥር ሥራው ጋብ ሲል እመጣለሁ ትለኛለህ። የእንጀራ ነገር ሆኖብህ እንጂ ጨክነህ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ትናንት እማዬ ሾርባ ስትሰጠው ትንሽ ቀምሶ ሳህኑን ገፋው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "በቃ ጨርሺያት ልጄ። አልተመቸው ይሆናል፣ አትጠብቂው" አለኝ። ወንድም ጋሼ፣ ሐኪሙ ሲነግረን ያላለቀስኩት ልጅ ያኔ አለቀስኩ። እስከዛሬ ያቆየው አንተን መጠበቁ ነው። እሱን ከተወ ምን ይቀረዋል?

መፋቂያው ጠፋብኝ አልኩት። እያንዳንዱ መፍቻ የት እንደተሰቀለ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቅ ሰው ውሸቴ ይጠፋዋል? አየት አደረገኝና "እንግዲያው እስኪገኝ ትቆይ" አለ። ቆየት ብሎ እማዬን ሾርባውን እንድትመልስለት ጠየቃት።

መፋቂያው ትራሴ ስር ነው። አንተ እስክትመጣ አይገኝም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ጎረቤታችን የጭነት መኪና ሹፌሩ ነው፤ ሲመለስ አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ነው፣ ጠይቄዋለሁ።

እማዬ ጉንጭህን አገላብጣ ትስምሃለች፤ አልጋህንም አንጥፋለች። አክስታችን ከሳህ ወይ ወፈርክ ትላለች፤ የትኛውንም ብትላት እንደምታዝን ታውቃታለህ። አባዬ መጻፌን ስለማያውቅ ሰላምታ አልላከልህም። መጥተህ ከአፉ ተቀበለው።

ታናሽ እህትህ

ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ስር
ኅዳር ፲፪ ቀን