በሳህን የተከደነችው ካርድ

እሁድ፣ ማርች 3
ልብስ አጥቤ፣ ፍየሏን አልቤ ገና ቁጭ ከማለቴ ጎረቤቴ ዙዋይና መጣች። «የልጄን የረያን የሴቶች ሠርግ አንቺ ፎቶ አንሺልን» አለች። እኔ! በአርባ ስምንት ዓመቴ! ካሜራ ከያዝኩ ገና ስምንት ወር!
ደንቡን ግን አስረግጣ ነገረችኝ። ሴቶቹ ያለ ሻሽ ናቸው። ሲያልቅ ፎቶዎቹ ያሉበትን የካሜራ ካርድ በር ላይ፣ በእጇ አስረክባታለሁ። ወንድ ካየው... «ጉርብትናችን አበቃ፣ የሳሊም እናት።»
የትኛውን ካርድ ልግዛ ታዲያ?

ሰኞ፣ ማርች 4
ገበያ ወጣሁ። «አንድ ቴራ» የተጻፈበት ሦስት ሪያል። ከጎኑ ያለችው ሠላሳ ሁለት ጊጋ ስድስት ሪያል። ትልቁ ረክሶ ትንሿ ተወዳ! ሻጩ ሐሳቡን ሳይለውጥ ትልቁን ይዤ ሮጥኩ።
ባሌ ኸልፋን አገላብጦ አየው። «የኒዝዋን ከተማ ከነፍየሎቿ ልታነሺ ነው?»
ቀናተኛ።

ረቡዕ፣ ማርች 6
የእህቴ ልጅ ሙዝና ፎቶ ቤት ነው የምትሠራው። ካርዱን ስታይ ሳቀች። «አክስቴ፣ የተጻፈበትን አትመኚ። መጀመሪያ ሙዪውና እዪ።»
ዘጠኝ መቶ ፎቶ አነሳሁ። ፍየሏን፣ የቴምር ዛፉን፣ ኸልፋንን ተኝቶ... አፉን ከፍቶ... ሁለት መቶ ጊዜ። (ምን ላድርግ? በዚህ ቤት የማይነቃነቅ እሱ ብቻ ነው።)
ሦስት መቶው ተከፈተ። የቀረው ሁሉ ግራጫ! ረያን በዚህ አንስቻት ቢሆንስ? ሄጄ ትንሿን ገዛሁ።

ዓርብ፣ ማርች 15
ትናንት ሠርጉ ነበር! አንድም ግራጫ የለም። ረያ ስትስቅ፣ አያቷ ስትጨፍር... ሁሉም አለ። በር ላይ ዙዋይና እጇን ዘረጋች፣ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት፣ ጡቷ ሥር ወሸቀችው። እፎይ።

ቅዳሜ፣ ማርች 16
እህቴ ቤት ሳለሁ ዙዋይና ደወለች።
«የሳሊም እናት፣ ልጄን ያገባት ኸልፋን ነው እንዴ?»
ሳሎን ሙሉ ሴት ሰብስባ፣ በቴሌቪዥን... አፉን የከፈተው ባሌ! ሁለቱም ካርዶች ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ፣ የሙከራውን ነው የሰጠኋት! ከኋላዋ ሴቶቹ በሳቅ ይንከተከታሉ። ከዚያ ድምጿ ተለወጠ።
«የልጄስ ካርድ የት አለ? ማን ጋ ነው?»
ቦርሳዬን ዘረገፍኩ። የለም። ጠዋት ቁልፍ ስፈልግ አውጥቻት... ቤት ጠረጴዛው ላይ! ቤት ደግሞ ኸልፋን ብቻውን ነው፣ ከነኮምፒውተሩ።
በሩጫ ደረስኩ። ዙዋይናም አባያዋን ገልብጣ ለብሳ ከኋላዬ። ኸልፋን ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል።
«ምን ታደርጋለህ እዚህ?»
«ሳሎን ሴቶች አሉ» አለ።
ገባን። ካርዷ ጠረጴዛው ላይ በሾርባ ሳህን ተከድናለች። ሳህኑ ላይ ደግሞ ሎሚ ጭኖበታል... ነፋስ እንዳይገልጠው ይመስለኛል።
ዙዋይና በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። «የሳሊም አባት፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው ውጭ ያሉት?»
«ከቁርስ። ምሳ በመስኮት ብታቀብሉኝስ?»

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 4
ሦስት ሠርግ ተይዞልኛል! የሠርግ ካርዶቼን በሙሉ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀብቻለሁ። የሙከራውን ዙዋይና አልመልስም አለች፤ ሲከፋት ታየዋለች አሉ።
የዛሬዋ የሙሽራ እናት ካርዱን ልሰጣት ብል እጇን ሰበሰበች። «እዚህ ግርግር ውስጥ ይጠፋብኛል። ኸልፋን ጋ ይደር፣ ነገ እወስደዋለሁ።»
ቤት ገብቼ ነገርኩት። ሳህኑን አጥቦ፣ ሎሚ መርጦ መጣ።