በክር የተለካ ሩጫ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሱቅ
ሩጫው ስምንት ቀን ሲቀረው

ለልጄ እናት፣

እንደምን ከርመሻል? እህትሽስ እንዴት ናት? መንትዮቹ ጥርስ አወጡ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እንግዲህ ቤቱን በሙሉ ነክሰው እስኪጨርሱት አትመጪም ማለት ነው። እኔ ከናፍቆትሽና ከግራ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴን በኋላ እነግርሻለሁ፣ እሱ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው።

ስልክ እያለ ደብዳቤን ምን አመጣው እንዳትዪኝ። ስልክ ላይ እኔ "እ... እሺ... ደህና" ከማለት አላልፍም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ዛሬ ግን የምለው አለኝ። ሳልጨርስ እንዳትዘጊብኝ ፈርቼ በወረቀት አደረግሁት። ወረቀት አይዘጋም፣ ቢበዛ ይቀደዳል። ቢቀደድም ሰፊ ነኝ።

ልጅሽ ሹክ ሳትልሽ አትቀርም፤ ማራቶን ልሮጥ ነው። ሳቂ፣ ሳቂ፣ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ከምናምን፣ በዚህ ሆዴ፣ በሀምሳ ስድስት ዓመቴ! እኔ እንኳን ማራቶን፣ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ሲል "ሌላ ይመጣል" ብዬ የምቆም ሰውዬ።

ሩጫው ውስጥ አገባቤ እንዲህ ነው። ጡረታ እስክትወጪ የሠራሽበት የልጆች ክሊኒክ ለልጆቹ የእግር ድጋፍ ብረት መግዣ ብሎ የበጎ አድራጎት ማራቶን አዘጋጀ። ያቺ አንቺ እያለሽ ገና ተለማማጅ የነበረችው ረጅሟ ልጅ ትዝ ትልሻለች? እሷ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ ትላለች፣ እኔ ወጌሻዋ እላታለሁ። ሱቅ መጥታ የሯጮቹን ማልያ ስፋልን ብላ ለመነችኝ። እሺ አልኳት። ሰዉ ስሙንና ልኩን የሚሞላበት ወረቀት ይዛ ነበር። ሰው ልኩን መጻፍ መቼ ያውቃል? ግማሹ ቁመቱን በደረቱ ቦታ ይጽፈዋል። ስለዚህ ምሳሌ ይሁን ብዬ የመጀመሪያው መስመር ላይ የራሴን ስም፣ ከጎኑ የራሴን ደረትና ቁመት ቁልጭ አድርጌ ጻፍኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሯጮች ስም ዝርዝር ክሊኒኩ በር ላይ ተለጠፈ። አንደኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔ! ሯጭ ቁጥር አንድ።

ላሰርዝ ሄድኩ። ወጌሻዋ ምንም አልተከራከረችኝም። "እሰርዝልዎታለሁ ጋሼ፣ እስክሪብቶው ይኸው" አለችኝ። ቀጥላ ግን፣ ያቺ ተንኮለኛ፣ "ሲስተር ሲሰሙ ምን ይሉ ይሆን?" አላለችም መሰለሽ! እኔ ደግሞ ምን እንደምትዪ አላጣሁትም። "አቶ ነገ ይሄንንም ሳይጀምር ተወው" ነው የምትዪው። ያወጣሽልኝ ስም በጆሮዬ ሲያቃጭል እስክሪብቶውን መለስኩላትና ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ ተገለባበጠልሽ። ገና ሳይነጋ ተነስቼ እሮጣለሁ፣ ብታዪኝ የምትዪው ግን "ትሮጣለህ" ሳይሆን "ትንከላወሳለህ" ነው። ወጌሻዋ "አይዞዎት፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ትለኛለች፤ እንቁላሉ እንግዲህ እኔ መሆኔ ነው። ከሩጫ ስመለስ ደንበኞች በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። በሩ ላይ "ሮጬ መጣሁ" የሚለው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው፤ ድሮ ውሸት ነበር፣ አሁን እውነት ሆነ። ቀን ቀን የስፌት መኪናውን ስረግጥ ባቴን ይይዘኛል። ባለፈው አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን ልለካላት ተንበርክኬ ጉልበቴ አልነሳ ብሎ ቀረ። ሁለት እህቶቿ ብብቴን ይዘው አቆሙኝ። ሙሽራዋ በሳቅ እንባዋ ፈሰሰ፣ እኔም ምን ላድርግ፣ አብሬ ሳቅሁ።

የልምምዱን ርቀት በምን ልለካው? ልጅሽ "አባዬ፣ በስልክ እኮ ይለካል" አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የኖርኩ ሰው በስልክ ልለካ? ተናደድኩ። አዲስ ጥቅል ክር አወጣሁ፣ ላዩ ላይ "1000" ይላል። ጫፉን ሱቁ በር እጀታ ላይ አሰርኩና በንጋት ክሩን እየተረተርኩ በሠፈሩ ዙሪያ ሄድኩ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር፣ በመድኃኒት ቤቱ፣ በሥጋ ቤቱ በኩል። ክሩ ሲያልቅ ተመልሼ ሱቁ ደጃፍ ላይ ነኝ። ልክ አንድ ኪሎ ሜትር! ጎረቤታችን ሥጋ ሻጩ በሩን ሲከፍት ክር እግሩ ላይ ተጠመጠመበት።

"አንተ ሰውዬ፣ ሠፈሩን ልትሰፋው ነው?" አለኝ።

ነገሩን ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ ለምትሮጣት ለእያንዳንዷ ኪሎ ሜትር ለክሊኒኩ እከፍላለሁ" አለ። ለጋስ የሆነ እንዳይመስልሽ፤ ሠላሳ አይደርስም ብሎ እርግጠኛ ስለሆነ ነው።

እኔም እልህ ያዘኝ። በአምስት ዙር ጀመርኩ፣ አሥር አደረግሁት፣ ሀያ አደረግሁት። የዛሬ ወር እሑድ ሠላሳ ዙር ልሞክር ወጣሁ። ወጌሻዋም እጇ ላይ ያንን የሚለካ ሰዓት አስራ አብራኝ ሮጠች። ሠላሳኛውን ዙር ጨርሼ በሩን ስነካ ሥጋ ሻጩ ራሱ አጨበጨበ። ልጅሽ ውኃ ይዛ ወጣች። እኔ እጄን ወደ ላይ አንስቼ እንደ ሻምፒዮን ቆሜያለሁ። ወጌሻዋ ግን ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች።

"ምነው?" አልኳት።

"ጋሼ፣ ሀያ ሰባት ኪሎ ሜትር ከአራት መቶ ነው የሚለው።"

"ሰዓትሽ ተበላሽቷል።"

"ክሩን ያሳዩኝ እስቲ።"

ባዶውን ጥቅል አመጣሁላት። ከሺሁ ጎን፣ ትንኝ በምታክል ፊደል፣ "ያርድ" ይላል። ሜትር አይልም! ያርድ ከሜትር አራት አምስት ጣት ያጥራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክር ስገዛ ቁጥሩን እንጂ ከጎኑ ያለችውን ቃል አንብቤ አላውቅም። ኪሎ ሜትር ስል የከረምኩት ዘጠኝ መቶ አሥራ አራት ሜትር ኖሯል። በገዛ ክሬ፣ በገዛ እጄ!

ሥጋ ሻጩ ሊሳለቅብኝ አፉን ሲከፍት ፊቴን አይቶ ዘጋው። መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በቃኝ አልኩ። ነገ ሄጄ አሰርዛለሁ አልኩ። ነገ ያልኩት በአፌ ነው፣ ልጅሽ ሰምታኛለች። ያቺን ልጅ አንቺ ነሽ የወለድሻት፣ ቁርጥ አንቺን ናት፤ ወገቧን ይዛ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "እማዬ ልክ ናት ማለት ነው" አለችኝ።

ወጌሻዋ አጠገቤ ቁጭ አለች። "ሦስት ዙር ቢጨምሩ ሠላሳ ይሞላል" አለችኝ። እኔ የማውቀው ጨርቅን ነው። ጨርቅ አንዴ አሳጥረሽ ከቆረጥሽው አበቃ፣ ብትጎትቺው አይረዝምም። መንገድ ግን እንደዚያ አይደለም ለካ፣ ያጠረሽን ተነስተሽ ትጨምሪበታለሽ። ተነሳሁ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዙሮች እንዴት እንደዞርኳቸው አላውቅም፣ ጉልበቴ ያን ቀን ነው ያኮረፈኝ። ሥጋ ሻጩ በነጭ ሽርጡ ከኋላዬ እየሮጠ "በርታ! በርታ! ኧረ ሊያከስረኝ ነው!" ይላል። ሠላሳ ሦስት ዙር። በዕድሜዬ ጀምሬ ከነትርፉ የጨረስኩት ነገር ቢኖር ይኼ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እስካሁን ዙሪያውን ስዞር የቆየሁት ይህችን ላለማለት ነው።

የልጃችን ምረቃ። ያንን ወይን ጠጅ ጨርቅ አንቺ ነሽ የመረጥሽው፣ ጡረታ ስትወጪ ከሰጡሽ ገንዘብ ላይ አንቺ ነሽ የገዛሽው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ የሰፊ ሚስት ሆነሽ ስንት ዓመት አዲስ ቀሚስ አልለበስሽም። "ለምረቃው ይደርሳል?" ስትዪኝ "ነገ እቆርጠዋለሁ" አልኩሽ። ከዚያ ያቺ ደንበኛ ግብዣ አለብኝ፣ አስቸኳይ ነው ብላ መጣች። ጨርቁ መደርደሪያው ላይ ነበር። ነገ ያንኑ ገዝቼ እተካለሁ ብዬ ለሷ ቆረጥኩላት። ለካ ግብዣዋ ያው ምረቃ ኖሯል፤ በቀኑ ሴትዮዋ ያንቺን ጨርቅ ለብሳ ከፊትሽ ወንበር ተቀመጠች። አንቺ ኮሌታውን ሁለት ጊዜ የገለበጥኩልሽን አሮጌ ቀሚስ ለብሰሽ ጀርባዋን ስታዪ ዋልሽ። እኔም ጀርባዋን አየሁት፣ ስፌቱ የእጄ ነው።

አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ብትጮሂብኝ ይሻለኝ ነበር። በነጋታው "እህቴ መንታ ወልዳለች፣ ሁለት ሳምንት ልርዳት" ብለሽ ሄድሽ። ይኸው ስምንት ወር። ሰው ሲጠይቀኝ "አራስ ልትጠይቅ ሄዳ ነው" እላለሁ። ሰዉም ምስጋና ይግባው፣ ስምንት ወር የሚተኛ አራስ አለ ወይ ብሎ አይጠይቀኝም።

በድዬሻለሁ። ጨርቅሽን ብቻ አይደለም፣ አንቺን ሁልጊዜ ከሰው ሁሉ ኋላ ወረፋ ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ፤ አንቺ የትም አትሄጂም ብዬ። ይቅር በዪኝ። ይህችን ቃል ነው ስምንት ወር ሙሉ ነገ ነገ ስላት የከረምኩት።

የዚያ እሑድ ማግስት ገበያ ወጣሁ። ወይን ጠጁን ፈልጌ አጣሁት። "አልቋል፣ ሁለተኛም አይመጣም" አለኝ ባለሱቁ። ልጅሽ ጥቁር አረንጓዴ መረጠችልሽ፣ ያምርባታል ብላ። ልክሽ ደብተሬ ላይ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ፣ ሱቁን የከፈትኩ ቀን የለካሁሽ ነው፤ ሳቅሽ ሜትሩን ሲያንቀጠቅጠው ሦስት ጊዜ ነው የለካሁሽ። እሱ አሁን አይሆንም ብላ ልጅሽ ቁምሳጥን ውስጥ ከቀረ ቀሚስሽ ላይ አዲሱን ወሰደችልኝ። ጠዋት እየሮጥኩ፣ ቀን የሰውን እየሰፋሁ፣ ከምሳ ሰዓቴ ላይ እየቆረስኩ ሰፋሁት። ሁለት ደንበኞች "ይሄን ለኔ" ብለውኛል። "ባለቤት አለው" አልኳቸው።

ለሩጫው ነዪ አልልሽም፣ ለማለትም አፍ የለኝም። ለጠቅላላ እውቀት ያህል ግን፣ የሩጫው መንገድ ሠላሳ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ በመናኸሪያው በር ነው የሚያልፈው። ይሄ በእነሱ መለኪያ ነው፣ በእኔ ክር አይደለም። ከእናንተ ከተማ የሚመጣው የጠዋቱ አውቶቡስ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል። ወጌሻዋ የኔን አረማመድ አስልታ እኔም አምስት ሰዓት ተኩል አካባቢ እዚያ ነኝ ብላኛለች። ዘገምተኛ መሆን በዕድሜዬ አንዴ ጠቀመኝ፤ የሌላ ሰው ባል ቢሆን እኮ ሁለት ሰዓት ቀድሞ አልፎ ነበር። የቀሩትን አራት ኪሎ ሜትር ደግሞ ሰው ከጎን ቢራመድ አይከለከልም። ጠይቄያለሁ።

ባትመጪም እጨርሰዋለሁ፣ ይህን እወቂልኝ። ያን ዕለት አዘጋጆቹ ሰዓቱ አልቋል ብለው ቢሄዱ እንኳ፣ መንገዱን ጠርገው ቢጨርሱ እንኳ፣ መጥረጊያ ከያዙት ጋር እየተጫወትኩ እደርሳለሁ።

ለእህትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለመንትዮቹ ጥርሳቸውን ያጽናላቸው፣ የሰው ጣት ከመንከስ ግን ይመልሳቸው። አንቺን ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልኝ፣ መንገድሽንም ያቅናልሽ፤ መንገድ ከወጣሽ ማለቴ ነው።

የልጅሽ አባት
ሯጭ ቁጥር አንድ

ልረሳው ነበር። የቀሚሱ እጅጌ አልቋል፣ ኮሌታው አልቋል፣ አሥራ አንዱም ቁልፍ ተተክሏል። የቀረው ጠርዙ ብቻ ነው። አቶ ነገ እንደልማዱ አጋምሶ ተወው እንዳትዪ። የቀሚስ ጠርዝ ባለቤቲቱ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ሰፊው እግሯ ሥር ተንበርክኮ በእስፒል ካልያዘው አይታጠፍም። ጉልበቴ ለዚያ ያህል ይታዘዘኛል። የምትጫሚውን ጫማ ብቻ ይዘሽ ነዪ፤ ጠርዝ የሚለካው ከነጫማው ነው።