ጎንበስ ብዬ ስለተቀበልኩት ላዱ

ለተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች በሙሉ፣ ይልቁንም ለሰብሳቢያችን ለጋሽ ሃብተማርያም፤ ባላችሁበት የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

ከሁሉ በፊት ጤናችሁን እጠይቃለሁ። የጋሽ ሃብተማርያም ጉልበት ተሻለው ወይ፣ የጋሽ አክሊሉ ስኳር ወረደላቸው ወይ፣ ጸሐፊያችን እትዬ ሓዳስስ ወገባቸው እንዴት ሰነበተ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ እንቅልፍ እምቢ ከማለቱ፣ ምግብ አልወርድ ከማለቱና ስልኬ ጢን ባለ ቁጥር ትራስ ሥር ከመክተቴ በስተቀር ምንም አልሆንኩም።

ይህን የምጽፈው ፌደራል ዌይ የምኖርበት አፓርትመንት ላውንደሪ ክፍል ቁጭ ብዬ በስልኬ ነው፣ ማሽኑ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ቀረኝ ይላል፣ ሶ እሱ ሳይጨርስ ልጨርስ፣ ከዚያ ካለፈ ድፍረቴ ያልቃል። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ፊደል ብስት በፍቅር እለፉኝ። ቪዲዮውን በፍቅር እንዳላለፋችሁት አውቃለሁ፣ ግን ፊደል ይቀላል ብዬ ነው። የምለቀውም የቤተ ክርስቲያናችን ግሩፕ ላይ ነው፣ ቪዲዮው የተለቀቀው እዚያ ስለሆነ መልሱንም ያየው ሰው ሁሉ ቢያየው ብዬ።

ለማታውቁኝ፣ ሄዋን ነኝ፣ እስከ ቪዲዮው ድረስ መዘምራን ውስጥ ከግራ ሦስተኛ ቆሜ የነበርኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቢጫ ጃንጥላ ይዤ አሥራ ሁለት ሰው ከኦቴሎ ባቡር ጣቢያ አስነስቼ በእግር እየወሰድኩ የሕንድ ምግብ አበላለሁ፣ ሥራዬ ነው፣ ፉድ ዎክ ይሉታል። እኔም በፊት የሕንድ ምግብ ሲባል አንድ ምግብ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ የትየለሌ ነው። መጀመሪያ የምንገባበት ቤት የፑንጃብ ሰዎች ነው፣ ቅቤ በቅቤ ነው። ቀጥሎ የደቡቦቹ አለ፣ ኮኮናት የማይገባበት ነገር የላቸውም፣ ኡፕማ የሚሉት ደግሞ ቁርጥ የኛ ቅንጬ ነው። ሦስተኛው የሙምባይ መንገድ ላይ የሚበላው ነው፣ ድንች ጠብሰው ዳቦ ውስጥ የሚከቱት አለ፣ ደግሞ ፓኒ ፑሪ የሚባል ውስጡ ባዶ ኳስ ነገር አለ፣ በቅመም ውሃ ይሞሉትና ሳይፈስ ባንዴ አፍ ውስጥ መግባት አለበት፣ ፈረንጆቹ ግን ይገምጡታል፣ ሸሚዛቸው ላይ ይዘረገፋል፣ እኔ ናፕኪን ይዤ ስሮጥ ነው የምውለው። መጨረሻ የካንታ ቤን ቤት ነው። የጉጃራት ሴትዮ ናቸው፣ ሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ቤን ማለት እህት ማለት ነው፣ እኛ እህት እከሊት እንደምንባባለው።

እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር ልናገር፣ እናንተም በቁጥር ስለጻፋችሁልኝ።

አንደኛ። ቪዲዮው አሥራ አራት ሰከንድ ነው። ከእንግዶቼ አንዷ ቀርጻ ለቀቀችው፣ እህት ኤዶም አገኘችውና ግሩፓችን ላይ «እህታችን ምን እየሆነች ነው፣ እንጸልይላት» ብላ ከአልቃሹ ምስል ጋር አስቀመጠችው። ስለጸሎቱ ኤዶምን አመሰግናለሁ፣ ኮል አድርጋ ምን ሆነሽ ነው ብትለኝ ኖሮ ጸሎቱ ያጥርላት ነበር። ቪዲዮው ላይ የሚታየው እኔ ሁለት እጄን ዘርግቼ ጎንበስ ስል ነው፣ ከፊቴ ካንታ ቤን፣ ከካንታ ቤን ኋላ መደርደሪያው፣ መደርደሪያው ላይ የአምላካቸው ሥዕል። ከዚያ በፊት የሆነው አይታይም። ከዚያ በፊት የሆነው ይህ ነው፦ ከዱሬሳ ጋር ልንጋባ ቀን እንደቆረጥን ነገርኳቸው። ካንታ ቤን ጮሁ፣ ማንኪያውን ጣሉት፣ እነሱ ዘንድ የደስታ ወሬ የሰማ ሰው የተናጋሪውን አፍ ማጣፈጥ አለበት አሉኝ፣ እና ላዱ አነሱ። ላዱ ማለት የሽምብራ ዱቄት በቅቤ አምሰው በስኳርና በሄል የሚያድበለብሉት ነው። አንድ ትልቅ ሰው፣ እናቴ የምትሆን ሴት፣ ለሠርጌ ብላ ስትሰጠኝ በአንድ እጄ መንጭቄ ልቀበል? በሁለት እጅ፣ ጎንበስ ብለሽ ተቀበይ ያላችሁኝ እናንተ አይደላችሁም ወይ? እትዬ ሓዳስ ራሳቸው መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ መጽሔት በግራ እጄ ስለተቀበልኩ ገላምጠውኛል። ሶ የናንተን ሥርዓት ይዤ ሄጄ የሰው ሱቅ ውስጥ ተያዝኩበት።

ሁለተኛ። «ለጣዖት የቀረበ በልታለች» ይላል ደብዳቤው። እንዲህ ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሰው ጠይቋት ማለት ይቻል ነበር፣ ግን ጊዜያችሁ ውድ መሆኑን እረዳለሁ። ካንታ ቤን ዘንድ ሁለት ሳህን አለ። ጠዋት ሲሠሩ ትንሹን ቀድሰው መደርደሪያው ሥር ያስቀምጣሉ፣ ሌላው በሰማያዊ ክዳን ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ እኔ ምንም ሳልል፣ አፍሬ ዳር ዳር ስል አይተውኝ ነው መሰለኝ፣ «ይሄ የሱ ነው፣ ይሄ ያንቺ ነው፣ አታምታቺው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልተሳሳቱም። የዚያን ቀንም ቆርቆሮውን ነው የከፈቱት፣ ቪዲዮው ላይ ሰማያዊው ክዳን ግራ እጃቸው ውስጥ አለ፣ አስቁማችሁ እዩት። አምላኬን የማያውቁ ሴትዮ ለአምላኬ የተጠነቀቁትን ያህል እናንተ ለኔ ብትጠነቀቁ ኖሮ ዛሬ ልብስ አጥቤ ወደ ቤቴ እገባ ነበር።

ሦስተኛ። «ሕዝብን ወደ ባዕድ ነገር ትመራለች»። ክቡራን ሆይ፣ መሪ ስላላችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ፣ እኔን መሪ ያለኝ ሰው የለም፣ ዱሬሳ እንኳን መንገድ ሲሳሳት አይሰማኝም። እኔ የያዝኩት ጃንጥላ ነው። ባዕድ ያላችሁት ግን አልገባኝም። ካንታ ቤን በርበሬዬን አሽትተው አብሽ፣ እርድ፣ ጥቁር አዝሙድ እያሉ ጓዳቸው ሄደው እያንዳንዱን አምጥተው ደረደሩልኝ። ጋሽ ሃብተማርያምስ በየኅብረቱ የሚያነሷቸው የሒሳብ አስተማሪያቸው፣ በኩርኩም ማካፈል ያስተማሩኝ ነፍሳቸውን ይማር የሚሏቸው፣ ሕንዳዊ አልነበሩም ወይ? እኔም ያስተማሩኝ ሕንድ ናቸው። ልዩነቱ የርስዎ ሒሳብ፣ የኔ ሽምብራ መሆኑ ነው።

አራተኛ፣ ይህን ልተወው ብዬ ነበር፣ ግን ማሽኑ ገና አሥራ ስምንት ደቂቃ ይላል። ባለፈው የወጣቶች ኮንፈረንስ የበላችሁት ሁለት መቶ ሳምቡሳ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ ካንታ ቤን ናቸው የጠበሱት፣ እዚያው መደርደሪያ ፊት፣ እዚያው ሥዕል እያየ። ጋሽ አክሊሉ አራት በልተው «ይቺ አረንጓዴዋ ዳጣ የማን እጅ ናት? ተባረኪ!» ብለውኛል። ያው ጋሽ አክሊሉ ናቸው ቢሮ ስትጠሩኝ «ድሮም የሄዋን ጣጣ የጀመረው ከመብላት ነው» ያሉት። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔም ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ አትጠይቁኝ፣ ስፈራ እስቃለሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ግን እሳቸው የበሉት አራቱ ሳምቡሳ ለምን ማስታወሻ እንዳልተያዘላቸው አሰብኩ። ድሮም የበሉት ሁለት ነበሩ፣ ስሟ የሚነሳው ግን አንዷ ናት።

አምስተኛው ይኸው ነው፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ አይቀርልኝም። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሕዝብ ፊት ቆሜ የማነበው ወረቀት አዘጋጅታችሁልኛል። እንዳልቸገር በትልልቅ ፊደል ነው፣ እትዬ ሓዳስ እጃቸው ይባረክ። «እኔ ሄዋን ለጣዖት ሰግጃለሁ፣ ለጣዖት የቀረበ በልቻለሁ፣ ሥራውንም ትቻለሁ» ይላል። ካነበብኩት በሁለት ሳምንት ቅዳሜ እዚያው መድረክ ላይ ታጋቡኛላችሁ፣ ካላነበብኩት የሠርጉ ማስታወቂያ አይነገርም፣ አዳራሹም አይከፈትም። እንግዲህ የኔ ነገር እንዲህ ነው፣ ለሠርጌ ስል ጎንበስ አልኩ፣ ጎንበስ ስላልኩ ሠርጌ ቀረ።

ለዱሬሳ ነገርኩት። እዚሁ ሶዶ የሚሉት የመጋዘን ሰፈር ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል፣ ምሳ ሰዓቱ ላይ ደወልኩለት። «በቃ በይውና እንጋባ፣ ሁለት መስመር ናት፣ ማን ያስታውሳታል» አለኝ። ክፋት የለውም፣ እሱም ፈርቷል። እናቱ ሐሙስ ከጊምቢ ይገባሉ፣ ሦስት ዓመት ቪዛ ጠብቀው ነው፣ ልጄን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስድር አይቼ ልሙት ያሉ ናቸው። ምን ልበላቸው? ኤርፖርት ስቀበላቸው ሁለት እጄን ዘርግቼ ጉልበታቸው ድረስ ጎንበስ እላለሁ፣ ከኋላቸው ሻንጣ የሚያዞረው ማሽን ይኖራል፣ ቪዲዮ ከመጣላችሁ ለሱ እንዳልሰገድኩ ከወዲሁ ይያዝልኝ።

ሁለት መስመር ናት፣ እውነት ነው። መስታወት ፊት ቆሜ ሞከርኳት። «እኔ ሄዋን» የሚለውን በደንብ እለዋለሁ። ቀጥሎ ያለው ላይ ምላሴ ይያያዛል፣ ምክንያቱም አልሰገድኩም። ያልሠራሁትን ሠራሁ ብዬ፣ ያውም ማይክ ይዤ፣ ያውም በጌታ ፊት፣ ከዚያ በሁለት ሳምንቱ እዚያው ቦታ ቆሜ ለዱሬሳ እስከ ሞት ታማኝ እሆናለሁ ብል የትኛው አፌ ይታመናል? ካንታ ቤንም አሉ። ያንን ካነበብኩ በኋላ ሰማያዊውን ክዳን በየትኛው ዓይኔ ነው የማየው?

ሶ እሁድ እመጣለሁ። ነጭ ቀሚሴን ለብሼ እመጣለሁ፣ ስትጠሩኝ እነሳለሁ፣ ወረቀቱን አጥፌ እይዘዋለሁ፣ እና የምለው ይህንን ነው፦ ለአንዲት ትልቅ ሴት ጎንበስ ብያለሁ፣ ነገም እላለሁ። ይኸው ነው፣ ከሁለት መስመር አያልፍም፣ ልክ እንደናንተው። ከዚያ አዳራሹን ብትዘጉት የኦቴሎ ፓርክ ክፍት ነው፣ የሚያጋባን አገልጋይ ከየትም እንለምናለን፣ እምቢ ካሉም ዱሬሳን መጠበቅ እችላለሁ፣ እሱ ከጠበቀኝ። ደፋር ሆና ነው እንዳትሉ፣ ፈሪ ነኝ። ግን ሁለት ፍርሃት ባንድ ጊዜ መፍራት አቃተኝ፣ እናንተንም ጌታንም። ሶ ትልቁን መረጥኩ።

ማሽኑ ቆመ።

መጽሔት በሁለት እጅ መቀበል ያስተማራችሁኝን፣ ለሳምቡሳዬ የመረቃችሁኝን፣ ሳልጠየቅ የፈረዳችሁልኝን አባቶቼንና እናቴን እያመሰገንኩ፣ ዕድሜና ጤና ከነሙሉ ሥልጣናችሁ እንዲሰጣችሁ እየለመንኩ፣

ከግራ ሦስተኛ የነበረችው ታዛዥ ልጃችሁ
ሄዋን
ፌደራል ዌይ

ልረሳው የነበረ፦ ያንን ደብዳቤ ቢሮ ውስጥ ስትሰጡኝ በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ ነው የተቀበልኩት፣ ስለፈራሁ ከካንታ ቤኑ ይልቅ በጣም ጎንበስ ብዬ። ቀና ስል ከጋሽ ሃብተማርያም ራስ በላይ ግድግዳውን የሞላ የፓስተራችን ፎቶ ተሰቅሏል፣ ማይክ ይዘው፣ ዙሪያቸውን መብራት በርቶላቸው። የካንታ ቤን መደርደሪያ ላይ ያለችው ሥዕል ስልኬን አታህልም። እግዚአብሔር ይመስገን የዚያን ቀን ማንም አልቀረጸኝም።